ዲግሪው ብቻውን ያስተምራል?

በአገራችን በሳይንስ ዲግሪ ያለው ሰው ሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር ተጨማሪ የአንድ ዓመት የመምህርነት ዲፕሎማ እንዲወስድ የሚያደርግ አሠራር አለ። ያ ዓመት ያስፈልጋል? ሁለት የአዳማ ነዋሪዎች ተከራክረዋል።

ጡረተኛው የፊዚክስ መምህር፦ አያስፈልግም። የአዳማን የነፋስ ኃይል ማመንጫ እንይ፤ የመጀመሪያው ዙር 34 ተርባይን፣ እያንዳንዱ 1.5 ሜጋ ዋት፣ በድምሩ 51 ሜጋ ዋት። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ለምን ስምንት እጥፍ እንደሚሆን ሰሌዳ ላይ አውጥቶ የሚያሳይ ሰው መምህር ነው። ስለ ትምህርት ሥነ ልቦና ደብተር ሞልቶ ይህን ማውጣት ያቃተው ሰው ተማሪ ፊት ላብ ሲያጠምቀው አይቻለሁ፤ ስሙን አልጠራም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዲፕሎማ ጠፍቶ ነው?

የኬሚስትሪ መምህርቷ፦ ጋሼ፣ ያ ቁጥር ለእርስዎም ለእኔም አይመሰክርም፤ እንተወው። የራሴን ልንገርዎ። ዲፕሎማውን በክረምት ሳልማር በፊት 9ኛ ክፍል ገብቼ «ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» አልኩ። አንድ ልጅ ቴርሞሜትሩን አንብቦ «94 ነው» አለኝ። «ተበላሽቷል» ብዬ ነጠቅሁት። አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለች፣ የአየር ግፊት ሲቀንስ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች እንደሚፈላ ዲግሪዬ አስተምሮኛል። የቀኑን ምርጥ ትምህርት ያመጣልኝን ልጅ ግን አሳፈርሁት።

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ ያ ድንጋጤ ነው፤ ጊዜ ይፈውሰዋል። የድሃ ልጅ ያለ ደመወዝ ሌላ ዓመት ይቀመጥ ስትይ ግን ጎበዙን ለፋብሪካ ላቦራቶሪ እየሸለምሽ ነው።

መምህርቷ፦ እኔም እየሠራሁ በክረምት የተማርኩት ለዚሁ ነው። ደግሞ አልዋሽም፣ ግማሹ ትምህርት ማስታወሻ መገልበጥ ነበር። የጠቀመኝ የተግባር ልምምዱ ነው፤ አንዲት ነባር መምህርት ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ጥያቄ ከጠየቅሁ በኋላ ስንት ሰከንድ እንደምታገሥ ቆጠሩልኝ። ሁለት ሰከንድ! ከዚያ መልሱን ራሴው እናገር ነበር። ይህን ብቻዬን በአሥር ዓመትም አላውቀውም።

ጡረተኛው፦ ለዚህማ ዲፕሎማ ምን ያደርጋል? ነባር መምህር ይበቃል። እነሱም ቢሆኑ ደመወዙ አልበቃ ብሏቸው እየለቀቁ ነው።

መምህርቷ፦ ጡረታ የወጡት አሉልን። ማክሰኞ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ይምጡና ከኋላ ይቀመጡ።

ጡረተኛው፦ እመጣለሁ። ቴርሞሜትሩን ግን እኔ ነኝ የምይዘው።