«ጠላሁ» ለማን፣ ለምን ይባል?

የክርክሩ ነጥብ፦ «መጠላት» ሳይሆን «መጥላት» ነው። ግሱ ለብርቱ ጥላቻ ብቻ ይጠበቅ ወይስ ለዕለት ተዕለት ቅሬታም ይዋል?

ይጠበቅ ባይ፦
ስብሰባ የበዛበት ሰው «ስብሰባ እጠላለሁ» ይላል። ሌላውን በወገኑ ለይቶ የሚያሳድድም «እነዚህን ሰዎች እጠላለሁ» ይላል። ግሱ አንድ ነው። ጠላት፣ ጥል፣ ማጥላላት ሁሉ ከዚሁ ሥር የበቀሉ ናቸው። ዮሐንስ በመጀመሪያ መልእክቱ (3፥15) «ወንድሙን የሚጠላ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው» ይላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185ም ሰዎችን በብሔራቸው ወይም በሃይማኖታቸው ለይቶ ሆን ብሎ ጥላቻን የሚያስፋፋ ንግግርን በወንጀል ያስጠይቃል። ይህን ያህል ክብደት ያለውን ቃል ለስብሰባ ስናውለው ጆሯችን ይደነድናል፤ ልንደነግጥ በሚገባን ጊዜ ሰምተን እናልፋለን። አማርኛ ደግሞ ቃል አልነፈገንም፦ አልወድም፣ ሰለቸኝ፣ ታከተኝ፣ አልተመቸኝም፣ ቀፈፈኝ።

አይታጠር ባይ፦
ታማሚ «ምግብ ጠላሁ» ሲል ማን ይደነግጣል? በጠቀሱት መጽሐፍ ውስጥም ሉቃስ (14፥26) አባቱንና እናቱን «ባይጠላ» ደቀ መዝሙር ሊሆን አይችልም ይላል። በእርስዎ ሚዛን ይህ ወላጅን መግደል ሊሆን ነው። ማቴዎስ (10፥37) ግን ያንኑ ትምህርት «ከእኔ ይልቅ አባቱን ወይም እናቱን የሚወድ» ብሎ ያስቀምጠዋል። ቃሉ ከጥንትም ሰፊ ነበር፤ ክብደቱን የሚወስነው ተሳቢው ነው።

ሰዋስዋችንም ይህን ያግዛል። «አስጠላኝ» ስል ባለቤቱ ነገሩ ነው፤ ስሜቱ በእኔ ላይ መጣ እንጂ እኔ አላመጣሁትም። «ጠላሁት» ስል ባለቤቱ እኔ ነኝ። ተናጋሪው ሁሉ ሳይማረው ይህን ይለያል፤ ታዲያ አጥሩ ለምን?

ይጠበቅ ባይ፦
የታማሚውን እቀበላለሁ። በ«አስጠላኝ» ግን አልስማማም፤ እንዲያውም እጅግ የሚያሳስበኝ እርሱ ነው። ምግብ ተበላሽቶ ቢያስጠላ ጥፋቱ የምግቡ ነው። «እነዚያ ሰዎች ያስጠሉኛል» የሚል ሰው ግን የራሱን ጥላቻ በተጠሉት ላይ ይጭናል፤ ሰዋስው ኃላፊነቱን ያነሳለታል። ለምግብ የለመድነው አነጋገር ወደ ሰው ሲሻገር ማንም ልብ አይለውም።

አይታጠር ባይ፦
መሻገሩ እኔንም ያሳስበኛል። ነገር ግን «ጠላሁ»ን ብንቆልፈው ጥላቻ ያደረበት ሰው የት ይሄዳል? እርስዎ ወደ ዘረዘሯቸው ለስላሳ ቃላት ነው የሚሄደው፤ «አይመቹኝም» ይላል፣ ማንም አይጠይቀውም። «እጠላቸዋለሁ» ያለ ሰው ግን ባለቤትነቱን በገዛ አፉ ወስዷል። «ምን አድርገውህ?» ብለን ፊት ለፊት ልንሞግተው የምንችለው ይህን ሰው ነው።