ተማሪ እንዳይተች የከለከለ ሽልማት

ባለፈው ሳምንት በድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር በተካሄደው የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ላይ አዘጋጆቹ የተማሪ ሐያስያን ዘርፍ ከዘንድሮ ጀምሮ መሰረዙን፣ ለዘርፉ የተያዘው ገንዘብም ለአንጋፋ ደራሲያን ሽልማት መዞሩን አስታውቀዋል። ውሳኔው ያሳዝናል፤ የቀረበው ምክንያት ግን ከውሳኔው ይብሳል። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ሂስ ብስለት የሚጠይቅ ሥራ በመሆኑ ትምህርቱን ያልጨረሰ ልጅ አንጋፋ ደራሲን ሊመዝን አይገባም ብለዋል፤ አዳራሹም አጨብጭቧል።

ብስለት የሚለካው በዕድሜ ከሆነ፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን እ.ኤ.አ. በ1966 በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ሲቀበል ገና የ29 ዓመት ወጣት መሆኑን ኮሚቴው ምን ሊለው ነው? በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1950ዎቹ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በኮሌጅ ቀን የግጥም ውድድር ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቆመው የድሃውን በደል ሲናገሩ ዕድሜያቸው ስንት ነበር? ዘውዳዊ መንግሥት ለጊዜውም ቢሆን የታገሠውን የተማሪ አንደበት የአንድ ከተማ የሽልማት ኮሚቴ መታገሥ አቅቶታል። ግጥም ሌላ፣ ሂስ ሌላ የሚል ካለ ደግሞ ወደ ፈረንሳይ ይመልከት። እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የአገሪቱን ታላቅ የልብ ወለድ ሽልማት የሚሰጠው የጎንኩር አካዳሚ ለሽልማት ያጫቸውን ልብ ወለዶች በየክፍላቸው አንብበውና ተከራክረው የራሳቸውን አሸናፊ ይመርጣሉ፤ በየዓመቱ የሚሳተፉትም ወደ 2,000 ይጠጋሉ። በዚህ የተዋረደ አንጋፋ ደራሲ የለም። ከፈረንሳዮች ባቡሩን ተቀብላ ከተማ የሆነችው ድሬዳዋ ይህንንም ብትቀበል ምን ይጎድልባት ነበር?

ከሁሉ የሚገርመው ግን ተማሪው ከወዲሁ ሐያሲ መሆኑ የተዘነጋ መምሰሉ ነው። ዛሬ አንድ የአማርኛ ልብ ወለድ ከገጸ ባሕርይ አሳሳሉ እስከ መቼቱ፣ ከግጭቱ እስከ ቋንቋው በትዕግሥት የሚመረመረው የት ነው? በመጽሐፍ ምረቃ ላይ አይደለም፤ በዚያ ዳሰሳ አቅራቢው የደራሲው ወዳጅ ነው፣ ዳሰሳውም ከምርቃት አይለይም። በጋዜጣም አይደለም፤ የመጻሕፍት ዓምድ ለማስታወቂያ ቦታውን ከለቀቀ ቆይቷል። የሚመረመረው በዩኒቨርሲቲዎቻችን የአማርኛ ትምህርት ክፍሎች፣ ለመመረቂያ ጽሑፉ አንድ ደራሲ መርጦ ወራት በሚያመሽ ተማሪ እጅ ነው፤ ያ ሥራም ተጠርዞ አማካሪውና ፈታኞቹ ካነበቡት በኋላ መደርደሪያ ላይ ይቀራል፣ ደራሲውም ስለ መጽሐፉ ከማንም በላይ ያሰበ ሰው መኖሩን ሳያውቅ ያረጃል። ከእነዚህ ጽሑፎች ብዙዎቹ ደረቅ እንደሆኑ አልክድም። ይሁን እንጂ ደረቁን ለይቶ ሕያው የሆነውን አደባባይ ማውጣት የሽልማት ሥራ ካልሆነ የማን ሥራ ሊሆን ነው? የተሰረዘው ዘርፍ ይህን የሚያደርግ ብቸኛው በር ነበር።

የገንዘቡ ነገር ብዙ አያከራክርም፤ ለተማሪው መጽሐፍ መግዣ የሚሆነው ለአንጋፋው የአንድ ምሽት ግብዣ አይሸፍንም። የደራሲያኑ ጉዳት ሌላ ነው። በዚያ ምሽት ለተሸላሚዎቹ የተነበበው ምስክርነት «ለሥነ ጽሑፍ ላበረከቱት የላቀ አስተዋፅኦ» ከሚል አላለፈም፤ ከሥራዎቻቸው አንዲት አንቀጽ አልተጠቀሰችም። ዳኛውን ከሜዳ አስወጥቶ ዋንጫ የሚያድል ውድድር አሸናፊውንም አያስከብርም፤ ባለሽልማቶቹ ይህን ዝምታ እንደ ክብር መቀበላቸውም ያስተዛዝባል።

ኮሚቴው ዘርፉን ባይመልስ እንኳ የዘንድሮዎቹን ተሸላሚዎች በየትኛው መጽሐፋቸው፣ በምን መመዘኛ እንደመረጠ በአንድ ገጽ ጽፎ ያውጣ። ያን ገጽ ለመተቸት የሚነሱ ተማሪዎች በድሬዳዋም በሐረርም አይጠፉም።