የቅዳሜ ዕጣ

ዕቁብ ለለመደ ሰው ሳምንታዊ የአትክልት ደንበኝነት እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ወር ሲገባ ገንዘቡን አስቀድሞ ይከፍላል፤ ገበሬው ደግሞ በየቅዳሜው ማሳው ያፈራለትን በካርቶን ሞልቶ ደጅ ድረስ ይልክለታል። ልዩነቱ፣ በዕቁብ ዕጣ እስኪወጣለት ይጓጓል፣ እዚህ ግን ዕጣው በየሳምንቱ ይወጣበታል።

እኔና ባለቤቴ፣ አራት ኪሎ ግንፍሌ አጠገብ አራተኛ ፎቅ ላይ የምንኖር ሰዎች፣ ወደዚህ ጉዳይ የገባነው ለጤናችን ስንል እንደሆነ ለዘመድ አዝማድ አስረድተናል። እርግጥ ነው፣ አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከፒያሳ ተነሥቶ ወደ ጃንሜዳ ከሄደ ወዲህ የአስቤዛ ነገር እንደ ድሮው አልቀናንም፤ ነገር ግን ጎረቤት ደረጃ ላይ ቆሞ ካርቶኑን ሲያይ የሚሰማንም ደስታ የሚናቅ አልነበረም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በካሮት፣ በቀይ ሥርና በቆስጣ በሰላም አለፉ። በአራተኛው ቅዳሜ ኮልራቢ መጣ። ቡጢ የሚያህል፣ ፈዛዛ አረንጓዴ፣ ቅጠሉን ከየጎኑ በቀጫጭን አንገት ያወጣ ድቡልቡል ነገር ነው። ባለቤቴ አገላብጣ አየችውና «ሥር ነው ፍሬ?» አለች። እኔም ሊቅ መስዬ በአውራ ጣቴ ጥፍር አንዱን ጫር አድርጌ አሸተትሁት፤ ጥቅል ጎመን ጥቅል ጎመን አለኝ። ኋላ ሳነብ ሥርም ፍሬም አይደለም፤ ግንድ ነው። ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመን፣ ብሮኮሊና ኮልራቢ ገበሬዎች በብዙ ዘመን እየመረጡ፣ አንዱን በቅጠሉ፣ ሌላውን በአበባው ያሳደጓቸው የአንድ ዝርያ ልጆች ናቸው፤ ኮልራቢ፣ ሹመት እንዳገኘ ዘመድ፣ ወገቡ ላይ ያበጠው ነው።

በእኛ ቤት ደግሞ ማንኛውም እንግዳ አትክልት በቁሌት ካልተጠመቀ ወደ ገበታ አይቀርብም። ብሮኮሊ በዚህ ሥርዐት አልፎ ጎመን ሆኗል፤ ዝኩኒም አልጫ ሆኖ ማንነቱን ረስቷል። ረቡዕ አማቴ ለምሳ ስለሚመጡ፣ ኮልራቢውን በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በእርድ አቁላልተን የጾም አልጫ ሠራነው። ልጣጩ እንጨት መሆኑን፣ በቢላ ጠለቅ ተደርጎ ካልተነሣ ቀኑን ሙሉ ቢንተከተክም እንደማይለሰልስ የነገረን አልነበረም። አማቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ ረዘም ላለ ጊዜ አኝከው፣ በጨዋ ደንብ ወደ መሐረባቸው አሳለፉትና «ልጄ፣ ይኼ በቢላ ነው የተከተፈው በመጥረቢያ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

እኔም ለክብሬ ስል ታሪክ ጠቀስሁ፦ «እማማ፣ ድንችም እኮ አንድ ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ በ19ኛው መቶ ዘመን ያመጣው እንግዳ ነው ይባላል። አሁን ያለ እሱ አልጫ የት አለ?»

«ይሁን፤» አሉ፣ ወደ ሽሮው እየተሻገሩ፤ «ሰውየው ግን ሲያመጣው አላላጠም ብለህ ነው?»

የተረፉትን ሁለቱን ኮልራቢዎች መጣል ነውር መሰለን። በዚያው ዕለት በጥሩ ሳህን ላይ አድርጌ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኜ፣ ለሦስተኛ ፎቅ ጎረቤታችን አደረስሁ፤ «ከማሳ የመጣ ነው፣ ለጤና ተወዳዳሪ የለውም» ማለትንም አልረሳሁም። ሳህናችን በማግሥቱ አምባሻ ተጭኖበት ተመለሰ፤ እኛም በዚህ ልውውጥ በጣም ተደሰትን።

ዓርብ ማታ በር ተንኳኳ። የምድር ቤቷ ጎረቤታችን ልጅ የማላውቀውን ሳህን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። «ጋሼ፣ እማዬ ናት የላከችኝ፤ ከማሳ የመጣ ነው፣ ለጤና ተወዳዳሪ የለውም ብላለች።» ጨርቁን ገለጥ ሳደርግ ሁለት ኮልራቢዎች ተቀምጠዋል፤ ቅጠላቸው ጠውልጓል፤ በአንደኛው ላይ የጥፍሬ ጭረት ቡናማ ሆኖ ደርቋል።

አመስግኜ ተቀበልሁ። ሳህን ባዶውን አይመለስምና ቅዳሜ ከመጣው ካርቶን ሦስት አዳዲስ ኮልራቢ መርጬ፣ በራሷ ጨርቅ ሸፍኜ ወደ ምድር ቤት ወረድሁ።