ባሌ ቡና ላይ አይቀመጥም፣ እና ምን ይሁን?

ሰሞኑን አንድ የትዳር አማካሪ ነኝ ባይ ኤፍኤም ላይ ቀርቦ ያወራውን ሰምታችኋል መቼም፣ ደሴ ላይ ያልተቀባበለው የለም። ኦቲዝም የህጻናት ነገር ነው፣ ያደገ ወንድ ኦቲዝም አለብኝ ካለ ሰበብ እየፈለገ ነው፣ እንግዳ ጥሎ ጓዳ የሚገባ ባል ሚስቱን አይወድም አለን። ጋዜጠኛዋም እህ እህ እያለች አሳለፈችው።

ቆይ፣ ኦቲዝም አብሮ የሚወለድ የአእምሮ አሰራር ልዩነት ነው፣ የህጻናት ብቻ ከሆነ ልጆቹ ሲያድጉ የት ይሄዳሉ፣ ይተናሉ? ዘሚ የኑስ አዲስ አበባ ላይ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የጆይን ማዕከል የጀመረችው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው፣ ያኔ የገቡት ልጆች ዛሬ ጢማቸውን ይላጫሉ። ሊዮ ካነር የሚባለው ሃኪም በ1943 ኦቲዝም ብሎ ከጻፈላቸው ልጆች የመጀመሪያው ዶናልድ ትሪፕሌት ሚሲሲፒ ውስጥ ባንክ ሰርቶ፣ ጎልፉን ተጫውቶ፣ በ2023 በ89 አመቱ ነው የሞተው። የ89 አመት ህጻን መሆኑ ነው እንግዲህ! (አላገባም፣ አውቃለሁ፣ እሱን ይዛችሁ እንዳትመጡብኝ።)

እኔን ያንገበገበኝ ግን የእንግዳው ነገር ነው። እዚህ ወሎ ፍቅር የሚለካው በጨዋታ ነው፣ ሰላምታው ራሱ አያልቅም፣ ልጆቹ ደህና፣ እናትሽ ደህና፣ ጎረቤቱ ደህና፣ ከዛ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ዱአው፣ ሰው ደግሞ ሳይደውል ነው የሚመጣው። ባሌ፣ ሃኪም ኦቲዝም ነው ያለው ትልቅ ሰው፣ ሲችል እስከ ቶና ይቀመጣል። ጭሱ፣ የስኒው መጋጨት፣ አራት ሰው አንዴ ሲያወራ፣ ውጪ ባጃጁ ጡሩምባ ሲነፋ፣ ሁሉም እኩል ይገባበታል፣ አንዱን ሰምቶ ሌላውን መተው አይችልም፣ ስለዚህ ተነስቶ ይሄዳል። አክስቶቼ ወዲያው ተጣልታችኋል እንዴ ይላሉ። ወላሂ ሰላም ነን! ይሄው ሰውዬ ከሰኞ ገበያ ስመለስ ደከመሽ ወይ ብሎ አይጠይቅም፣ ጀሪካኖቹን ግን ሞልተው ነው የማገኛቸው፣ ውሃ የምትመጣበትን ሰአት እሱ እንጂ ማንም አይይዛትም፣ ሌሊትም ቢሆን ይነሳላታል። ቡና ላይ የኔ ማር የኔ ማር እያለ ጀሪካኑን ባዶ ትቶ የሚተኛው ነው ሚስቱን የሚወደው?

በሽሙጥ ከነገርኩት አይገባውም። ፊቴን ባጨማድድ አያነበውም። በግልጽ ከነገርኩት ግን ያደርገዋል፣ አይረሳም፣ አያኮርፍም። ራሱ ኦቲስቲክ የሆነው እንግሊዛዊው ዴሚየን ሚልተን በ2012 እ.ኤ.አ. የጻፈው ይሄንኑ ነው፣ አለመግባባቱ ከሁለቱም ወገን ነው፣ እነሱ እኛን እንደማያነቡት እኛም እነሱን አናነባቸውም። ታዲያ ሁሌ ተስተካከል የሚባለው እሱ ብቻ ለምንድነው?

ይደክማል? አዎ ይደክማል፣ ሰርግ ላይ ብቻዬን ስቀመጥ ይከፋኛል። ግን እንግዳ ፊት ሲያስቃት ውሎ ማታ የሚያስለቅሳት ባል ያላት ሴት በየሰፈሩ ሞልታለች፣ እሷን አማካሪው ምን ሊላት ነው፣ ባልሽ ተጫዋች ነው እድለኛ ነሽ?

ሬዲዮ ጣቢያው በሚቀጥለው የአእምሮ ሃኪም ያቅርብ፣ ከጎኑም አንድ ኦቲዝም ያለበት ትልቅ ሰው፣ ጋዜጠኛዋም እህ እህውን ትታ ትጠይቅ። አክስቶቼ ደግሞ ከመምጣታችሁ በፊት ደውሉ፣ ሚስኮልም ይበቃል።