የፌሮ ዋጋ ሲንር የቅርስ ባለሙያው አበል ለምን ባለበት ይቆማል?

ሰሞኑን ስለ መሀል አዲስ አበባ ግንባታ በተካሄደ አንድ ውይይት ላይ አንድ የሥራ ኃላፊ ከግንባታ በፊት የሚደረገውን የቅርስ ጥናት ዝቅተኛ ዋጋ ላቀረበ መስጠት ተገቢ መሆኑን ሲያስረዱ፣ አርኪዮሎጂስቶቹ ሙያቸውን ስለሚወዱ በክፍያ እንደማይከራከሩ ጨምረው ተናገሩ። አዳራሹ በሙሉ ዝም አለ። እኔ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መሐንዲሱም ሙያውን ይወዳል። ስለወደደው ግን ከክፍያው ሲቀነስበት አላየሁም። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ተቋራጩ ሁሉ የዋጋ ማስተካከያ ይጠይቃል፤ ፌሮና ነዳጅ ጨምሯልና እውነት አለው። ጉድጓድ ውስጥ ተንበርክኮ አፈር በብሩሽ የሚጠርገው ወጣት የሚበላው እንጀራስ አልጨመረም?

በጨረታው ዋጋ የሰበረ ድርጅት ከየት እንደሚቀንስ እንጠይቅ። የመኪና ኪራይና ነዳጅ አይቀነስም። የሚቀነሰው የሰው ቀን ነው። ሳምንት መቆየት ያለበት ቡድን በሁለት ቀን ይመለሳል። ንጣፍ በንጣፍ መገለጥ የነበረበት አፈር በእስካቫተር ይዛቃል፤ ንድፉና ምዝገባው ይዘለላል፤ የተገኘው ሸክላና ባልጩት ከየትኛው ንጣፍ እንደወጣ ሳይጻፍበት በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ መጋዘን ይገባል። ሪፖርቱም ካለፈው ሥራ ተገልብጦ የቦታው ስም ብቻ ይቀየራል። አልሚው ከፋይም መራጭም ነው፤ የሚፈልገውም ‹‹ምንም አልተገኘም›› የሚል ወረቀት ስለሆነ ቅር አይለውም። በርካሽ የተሠራ ሕንፃ ፈርሶ እንደገና ይሠራል። አንዴ የተዛቀ ንጣፍ ግን ዳግም አይጠናም።

እንግሊዝ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወጪውን በአልሚው ላይ ስታደርግ ሥራው የዋጋ ሽሚያ ሆነ፤ ግንባታ ደርቶ ባለሙያ ሲጠፋ እንኳ የቆፋሪው ደሞዝ ዝቅተኛ እንደሆነ ቀረ። ፈረንሳይ በ2001 እ.ኤ.አ. ሕግ አውጥታ ለቅርስ ጥናቱ የሚውል ክፍያ ከአልሚዎች መሰብሰብ ጀመረች። በኋላ ቁፋሮውን ለውድድር ብትከፍትም የመጀመሪያውን ፍተሻ ከመንግሥት ተቋማት እጅ አላወጣችም።

በ1879 ከተቆረቆረች ከተማ ሥር ምን ይገኛል የሚሉም አሉ። የካ ላይ ያለውን የዋሻ ሚካኤል ውቅር ቤተ ክርስቲያን ሄደው ይዩ። ከከተማዋ 50 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው የጥንት ሰዎች መኖሪያ መልካ ቁንጥሬ ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በዚያው በሐምሌ 2016 ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሁሉ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ፒያሳና ካዛንቺስ ሲቆፈሩ አይቶ የሚያሳውቀው ማን ነው? የእስካቫተር ኦፕሬተሩ?

ግንባታ ይቁም አላልኩም። የቅርስ ባለሥልጣን ለአርኪዮሎጂስት የቀን ክፍያ ወለል ያውጣ፤ እንደ ፌሮው ሁሉ የዋጋ ማስተካከያ ይኑረው። ገንዘቡን አልሚው ለባለሥልጣኑ ገቢ ያድርግ፤ አጥኚውንም ባለሥልጣኑ በብቃት ይምረጥ። በዚህ መንገድ ያልተሠራ ሪፖርት የግንባታ ፈቃድ አያሰጥ።