የጾም ካፕኬክ ያለ እንቁላል ኩፍ አይልም?

እህቴ፣ «እንቁላል ከሌለው ኩፍ አይልም፣ በምትኩ ሁለት ሙዝ ጨፍልቁበት» ያልሽው ልክ አይደለም። የቸኮሌት ካፕኬክን ኩፍ የሚያደርገው ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ ሲገናኙ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሙዙማ ሊጡን ያከብደዋል፤ ጣዕሙም ሙዝ ሙዝ ይላል።

ለ12 ፍሬ አንድ ተኩል ኩባያ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ስኳር፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ካካዎ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ቆንጠር ጨው ቀላቅዪ። አንድ ኩባያ ውሃ፣ ሲሶ ኩባያ ዘይት፣ በመጨረሻም አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ጨምሪ። ወዲያው አረፋ አረፋ ይላል፤ ያኔ ስልክ አታንሺ! አየሩ ሳያመልጥ ቶሎ ወደ ኦቨን፣ በ180 ዲግሪ 20 ደቂቃ ገደማ፣ ስቴኪኒ ሲወጋ ንጹህ እስኪወጣ። አዲስ አበባ ከሆንሽ በከፍታው ምክንያት ሶዳውን ትንሽ ቀንሺ። አቼቶው ደግሞ ከተጋገረ በኋላ አይሸትም።