ሽፋኑ ምን በደላችሁ?

እስቲ አንድ ሰው ያስረዳኝ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ «ፍቅር እስከ መቃብር» አለ ወይ ብዬ ስጠይቅ ሻጩ ሁለት ዓይነት አወጣልኝ። አንደኛው ደህና ነው፤ ሥዕሉ ይታያል፣ ፊደሉ ይነበባል። ሁለተኛው ግን ያንኑ ሽፋን በስልክ ፎቶ አንስተው ያተሙት ነው የሚመስለው። ቀለሙ ወይቧል። የአሮጌው መጽሐፍ እጥፋት ሳይቀር አብሮ ታትሟል! የሌላ ሰው መጽሐፍ ጭረት በአዲስ ዋጋ ልግዛ እንዴ? መደርደሪያ ላይ ሲቆም የሚታየው ጎኑ ደግሞ ባዶ ነው። የሱቅ ዱቤ ደብተር ይመስላል።

«ውስጡ ያው ነው» አለኝ ሻጩ። ያው ነው እንዴ? ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ስንቱ ያለቀሰበት መጽሐፍ እኮ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሽፋን አላስፈለገውም፣ እሺ። እኔ ግን የምገዛው ወረቀት ነው፣ ለዚያውም በዚህ ኑሮ!

ይሄ እንኳ ይሻላል። ሌሎች ልብ ወለዶች በድጋሚ ሲታተሙ የባሰ ይመጣል። የመጀመሪያው ሽፋን የእጅ ሥዕል ነበር፤ አዲሱ ላይ ከኢንተርኔት የወረደ የፈረንጅ ባሕር ዳርቻ ይለጠፋል። ታሪኩ መርካቶ ነው እኮ! የምን ባሕር?

አስመስሎ ማተሙንስ የሚከለክል አዋጅ አለ፣ ቁጥር 410/1996። ማን ይስማ። ቢያንስ ጎኑ ላይ ርዕሱን ጻፉበት፣ በናታችሁ።